የቤታችንን ዕቃዎች በዕብራይስጥ ስለ መጥራት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ የቤታችን ሳሎን
የተገኙ፦ አባታችን አቶ ባንታየሁ (ሰብሳቢ)፣ እናታችን ወ/ሮ አስናቀች (አባል)፣ ወንድሜ ኤልናታን (የጉዳዩ ባለቤት)፣ እኔ ምርቃት (እምቢ እያልኩ የተመረጥኩ ጸሐፊ)

የቤቱ ሰው ሁሉ በመገኘቱ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ከምሳ በኋላ ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የስብሰባው ምክንያት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ የኤልናታን እጮኛ ማዛል እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደች፣ እዚሁ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር የምትሠራና ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራት የምትመጣ ናት። አማርኛ አትችልም። ወ/ሮ አስናቀች «ቤታችን ውስጥ ባይተዋር ከሆነች ልጄን ይዛብኝ ትሄዳለች» በማለት ሥጋታቸውን ገለጹ። ስለዚህ ቢያንስ የቤት ዕቃዎችን ስም በዕብራይስጥ እንድናጠና ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ጥናቱ

ኤልናታን ከስልኩ እያነበበ በር «ዴሌት»፣ ጠረጴዛ «ሹልሃን»፣ ወንበር «ኪሴ» እንደሚባል አሳወቀ። ወ/ሮ አስናቀች ወንበሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው «የኔ ልጅ፣ ኪሴ ላይ ተቀመጪ» እያሉ ተለማመዱ። ሰብሳቢው ማንም ሰው ኪሳቸው ላይ እንዲቀመጥ እንደማይፈቅዱ ገለጹ። ብርጭቆ «ኮስ» ነው ሲባል ደግሞ «ገና ከመግባቷ ኮሶ ልናጠጣት ነው?» ብለው ተነሡ።

ወ/ሮ አስናቀች «ተቀመጥ» አሏቸው።

«የት? ኪሴ ላይ?»

ጸሐፊዋ በስዋሂሊ ጀምራ «ሳዋ፣ እሺ በቃ፣ በእንግሊዝኛ እናውራ» የሚል ሐሳብ አቅርባ ደጋፊ አጣች። ከረጅም ውይይት በኋላ «ኮስ» በሦስት ድምፅ ለአንድ ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ ያልታሰበ

የዌስትላንድስ መንገድ ባልተለመደ ሁኔታ ክፍት ስለነበር ማዛል ቀድማ ደረሰች። ወ/ሮ አስናቀች በድንጋጤ በሩን እንደያዙ «ዴሌት» አሏት።

ልጅቷ «በር» ብላ መለሰች። ገባ ብላም ጠረጴዛውን ነክታ «ጠረጴዛ» አለች።

በተሰባበረ አማርኛ እንዳስረዳችው፣ አያቷ ዕብራይስጥ፣ እርሷ ደግሞ አማርኛ ሳይችሉ አንድ ቤት ኖረው፣ ሳይጨዋወቱ አያቷ ዐርፈዋል። ለኤልናታን እንኳ ሳትነግር አማርኛ መማር የጀመረችው ለዚህ ነው። «ዕብራይስጥ አለኝ። ይሄ ነው የሌለኝ» አለች።

ወ/ሮ አስናቀች አቅፈዋት አልለቅም ስላሉ ስብሰባው ለጊዜው ተቋረጠ። ሰብሳቢው ዓይናቸው ውስጥ በርበሬ እንደገባ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አዘዙ፤ ሰፍሯል። በሳሎኑ በርበሬ አልነበረም።

ውሳኔ

ሾርባ ሲቀርብ ማዛል «እባካችሁ፣ ማንቂያ» አለች። ማንኪያ ማለቷ ነው። ኤልናታን ሊያርማት አፉን ሲከፍት ሰብሳቢው በእጃቸው አስቆሙት። ከዚያም በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ የተለጠፈው ወረቀት እንዲነሣ፣ በዚህ ቤት አማርኛ ብቻ እንዲነገር፣ ማንኪያም እስከ ተጨማሪ ውሳኔ ድረስ ማንቂያ እንዲባል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ስብሰባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቶ ለሁሉም ማንቂያ ታደለ።