መርዶ በሲዲ

ሰርግ ቢቀሩ ይቅርታ ይጠየቃል፤ ለቅሶ ያልደረሰ ጎረቤት ግን በራሱ ቀብር ላይ ሳይቀር ይታማል። ይህን ሥርዓት እስከ ሲያትል ይዘነው መጥተናል። ሻንጣችን ኪሎ ሲያልፍ ድስት አውጥተን ጥለናል፣ እሱን ግን ማን ይነካዋል?

እዚህ ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈራችን ያለው ጎረቤቴ ዋልት ዕድሜውን ሙሉ ለሌሎች ዘፋኞች ግጥምና ዜማ ሲሰጥ የኖረ ሽማግሌ ነው። ሰሞኑን የራሱን የካንትሪ ሙዚቃ አልበም አወጣና ሲዲውን በአጥር አቀበለኝ። የሆዴን ሁሉ እዚህ ውስጥ አፍስሼዋለሁ አለኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት።

በማግስቱ ከባለቤቴ ከብርነሽ ጋር መኪና ውስጥ ከፈትነው። አንድ ጊታር፣ አንድ የደከመ ድምፅ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ወንድሜ ሆይ ዛሬ ጠዋት ቀበርንህ ሲል ብርነሽ “ፓርክ አድርግ!” ብላ ጮኸች። “ሰውዬው መርዶ ሲነግርህ አንተ እንኳን ደስ አለህ ትላለህ?”

ክው አልኩ። መርዶ በቀጥታ እንደማይነገር የማያውቅ አለ? ዋልትም የሠለጠነ ሰው ነውና በሲዲ አደረገው። ብርነሽ የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴን ኮል አደረገች። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሆነን፣ ጥቁር ለብሰን፣ ምስር ወጥና ታጣፊ ወንበር ተሸክመን በሩን አንኳኳን።

ጋሽ ደምሴ እግዚአብሔር ያጽናህ አሉት፤ ገብተን ተቀመጥንና እንደ ወጋችን ዝም አልን። ዋልትም ጨዋ ነውና አብሮን ዝም አለ። ብዙ ከቆየ በኋላ ቀስ ብሎ፣ ማን እንደሞተባችሁ ብጠይቅ ቅር ይላችኋል? አለን።

ወንድሙ የሞተው ለካ ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ማርፈድ ለኛ ብርቅ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ግን ለሐበሻም ይበዛል።

ዋልት ግን አልሳቀብንም። ያን ጊዜ የማጽናኛ ካርድ በፖስታ መጣልኝ እንጂ ሰው አልመጣም አለና ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ በልጅነታቸው ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደው ወንድሙ ጀልባውን እንዴት እንደገለበጠበት እየሳቀ ሲያወራልን አመሸ። ምስሩንም ሁለት ጊዜ አስጨመረ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የወጣሁበት ለቅሶ ቤት የለም።

ስንወጣ ጋሽ ደምሴ ሲዲውን ተውሰውኝ ሄዱ። ትናንት ደወሉልኝ። አምስተኛው ዘፈን ላይ የዋልት ሚስት ጥላው ሄዳ ማዶ ቤልቪው ከተማ ገብታለች። ለዕርቁ ሁለት ሽማግሌ አግኝተዋል፤ ሦስተኛው እኔ ነኝ።