ሃያ ባይት አፈላላጊ ኮሚቴ

ልጆቼ፣ በየዘመኑ ታላላቅ ጉባኤዎች ተቀምጠዋል፤ የእኛን መሥሪያ ቤት የሃያ ባይት አፈላላጊ ኮሚቴ የሚያህል ግን ጆሮዬ ሰምቶ አያውቅም። ክብር ይድረሰውና ነገሩ እንዲህ ነበር።

ፕሮግራመራችን በመስመር የሚመጣውን የመረጃ ጥቅል ጥሬውን ተቀብሎ ርዝመቱን የሚናገር ፕሮግራም ሠራች። ጥቅል ማለት፣ እሷ ለእኔ ቢጤው እንዳስረዳችኝ፣ ፖስታ ውስጥ የገባ ደብዳቤ በሉት። አድራሻውና ርዝመቱ የሚጻፍበት ፖስታ ራስጌ ይባላል፤ እሱ ራሱ በመረጃ መለኪያ ሃያ ባይት ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ተጫነና ለሁለቱም ከነራስጌው ሰማንያ አራት ባይት ተላከ። አዲሱ ኮምፒውተር "ሰማንያ አራት" አለ። አሮጌው "ስልሳ አራት" አለ።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሃያው የት ገባ?"

"የትም አልገባም ጋሼ። አሮጌውን የሚመራው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልማዱ ነው፤ ራስጌውን ቀንሶ ነው የሚነግረን። የአዲሱ አይቀንስም።"

"ቀንሶ! ማን ፈቀደለት? እስከ ዓርብ ሃያው ካልተገኘ ስንብትሽን እፈርማለሁ!"

የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ፊቷ ዓመድ መሰለ።

ችኮላ የጥበብ ጠላት ነውና ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተዋቀረ። ሰብሳቢው የንብረት ክፍል ኃላፊው ሆኑ፤ የጠፋ ወንበር በማፈላለግ ማን ይስተካከላቸዋል? መረጃው የሚመጣበትን ገመድ ከግድግዳ አስነቅለው፣ ጫፉን ይዘው አራገፉት። ምንም ጠብ አላለም። ቀዳዳ እንዳለው ለማጣራትም ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከሩት።

"አረፋ አላወጣም" አሉ በኩራት። "እንግዲህ ሌብነት ነው ማለት ነው።"

"ኧረ በእናታችሁ!" አለች ፕሮግራመሯ። "ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ልጻፍ። አሮጌው ላይ ብቻ ሃያ ይደመር፣ በቃ፣ አለቀ።"

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መቱት። "ለአንዱ ብቻ? በዚህ መሥሪያ ቤት አድልዎ የለም! ለሁለቱም ይደመር!"

"ጋሼ፣ አዲሱ እኮ..."

"እኩል አልኩ!"

ምን ታድርግ፣ ደመረች። አሮጌው "ሰማንያ አራት" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አዲሱ ግን "መቶ አራት" አለ። ሰብሳቢው እንባ እየተናነቃቸው ተነሡ።

"ወገኖቼ! የጠፋውን ስንፈልግ ሌላ ሃያ ትርፍ አመጣን!"

የስንብቱ ደብዳቤ እዚያው ተቀደደ። ሰባቱም የኮሚቴ አባላት ዋንጫ ተሸለሙ፤ ሰብሳቢው ንግግር አደረጉ፤ ገመዱም ፎቶ ተነሣ። ፕሮግራመሯ እፎይ ብላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠጋ አለች።

"ጋሼ፣ ይሄ ትርፍ እኮ ውሸት ነው። አንድ ደቂቃ ይስጡኝ፣ አስተካክለዋለሁ።"

እሳቸውም እንደ አባት ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "ልጄ፣ አሁን እሱን ከነካሽ ነው የምትባረሪው።"

እነሆ፣ ሥራዋ ተረፈላት፤ መሥራት ብቻ ተከለከለች።