ኦቦ ዲንሳ የሰገዱልኝ ቅዳሜ

ወገኖቼ፣ አማቴ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ሰው መሬት ድረስ ጎንበስ ብለው ሰግደውልኛል። አዎ፣ ለእኔ!

ትዳሬም እዚያው ላይ ቀረ።

ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት እስቲ ጨርሱት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ከወሎ ነቀምቴ የተመደብኩ ወጣት አስተማሪ ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ጫልቱን ወድጃለሁ። አባቷ ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ሽማግሌ ልኬ መልሱ ለእሁድ ተቀጥሯል።

ቅዳሜን ታዲያ እንዴት ልዋለው? ቤት ብቀመጥ ላብድ ነው! ከባለሱቁ ከጋሽ ሽኩር ብስክሌት ተከራየሁና በጠዋት በጊዳ አያና መንገድ ወደ ኡኬ ነካሁት። ደርሶ መልስ፣ በቃ።

መንገዱ ላይ አንድ መኪና የለም። አቧራ የለ፣ ጡሩምባ የለ! "ምን ነክቷቸው ነው?" ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ደስ ብሎኛላ!

ለካ ከአዲስ አበባ የመጣ ትልቅ ሹም ከጊዳ አያና በዚሁ መንገድ ይመለሳል ተብሎ መኪና ሁሉ ታግዷል። ትእዛዙ የተነገረው አርብ ማታ ነው። እኔ አርብ ማታ ቤቴን ዘግቼ ስለ ጫልቱ ሳስብ ነበር።

ኡኬ ሻይ ጠጥቼ ከሰዓት ተመለስኩ። አቧራ ይኖራል ብዬ በጠዋት ያጠለቅሁት የሞተረኛ መነጽር ዓይኔ ላይ ነው። በዚያ ላይ የውሰት ካፖርት! ከሩቅ ላየኝ ከሹሙ መኪና ፊት የሚቀድም ሞተረኛ ነኝ።

ነቀምቴ መግቢያ ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። አንዱ "መጡ!" አለ። እልልታው ቀለጠ!

ፍሬን ያዝኩ።

ፍሬን የለም።

እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጄን አወዛወዝኩ! እንደ ቪአይፒ!

ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ጎንበስ አሉ። ከፊት ኦቦ ዲንሳ ናቸው፤ ጋቢያቸው መሬት ነካ። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

"ኩን በርሲሳ ሚቲ?" አሉ። ይሄ መምህሩ አይደለም እንዴ? ይህቺ ኦሮምኛ እንኳ ወዲያው ገባችኝ!

ቦይ ውስጥ ተከሰከስኩ። ሕዝቡ በእኔም በእሳቸውም ሳቀ።

ሹሙስ? አልመጣም! በሌላ በኩል ሄደ ተባለ። የዚያን ቀን የተሰገደለት እኔ ብቻ ነኝ።

እሁድ ሽማግሌዎቼ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ኦቦ ዲንሳ "ሰግጄለታለሁ፤ ልጄን ደግሞ አልጨምርለትም" ብለዋል።

ያስቃል አይደል? እሳቸው ግን አልቀለዱም። ያን ክረምት በሄዱበት ሁሉ "ኦቦ፣ ብስክሌት መጣ፣ ይስገዱ!" እየተባሉ ነው የከረሙት።

ጫልቱን ገበያ ላይ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል።

"ፍሬኑስ እሺ" አለችኝ። "እጅህን ምን አወዛወዘው?"

በዓመቱ ጊምቢ ተዳረች።

ይኸው ሸበትኩ፣ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። እናንተ ብትሆኑስ? በዕድሜያችሁ አንድ ጊዜ ያ ሁሉ ሰው እልል ሲልላችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ትከቱት ነበር? እውነቱን ብቻ ኮሜንት አድርጉልኝ።