ላም አላቢዋ

ይሉኝታ ዕድሜ ሲገፋ እንደ ጥርስ ይረግፋል ያሉኝ ሰዎች ዋሽተውኛል። ከጥርሴ አራቱ ሄደዋል፤ ይሉኝታዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ወጣት ሳለሁ የምፈራው አባቴን ነበር። እሳቸው ሲያርፉ «ከእንግዲህስ እንደ ልቤ ነኝ» ስል፣ ለካ ሰው ሲያረጅ ደግሞ የገዛ ልጁን ይፈራል። ገና ካልደረሳችሁበት ቆዩ፤ ትደርሱበታላችሁ።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ጥግ ላሞች አረባለሁ። ዘጠኝ ነበሩ፤ ሦስት ቀርተዋል። ድሮ ሣር ሲነጩበት የነበረው መስክ ዛሬ የሰው ሳሎን ሆኗል። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። አንዲቷ ልጄ ሰናይት ድሬዳዋ ትኖራለች፤ ባገኘችኝ ቁጥር «አባዬ፣ ላሞቹን ሽጥና እኛ ጋ ና» ትለኛለች። «እስቲ እናያለን» እላታለሁ። የማየው ምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

የማየው ወይዘሮ አመለወርቅን ነበር።

አመለወርቅ ባሏ የሞተባት፣ ስልሳን የተሻገረች፣ ጊደር መጋላ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት። የገበያውን ስም ሰምቶ ጊደር ሊገዛ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም፤ ጊደር ግን በሐረሪ «ትልቅ» ማለት ነው። ወተት ልትገዛ ከአቦከር ሰፈር እኔ ጋ ትመጣለች። «እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ተፈራ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?» ከዚህ አናልፍም ነበር። አንድ ጠዋት ግን ዳልቻዋ ላሜ በምጥ ተይዛ፣ ጥጃው በኋላ እግሩ መጥቶ፣ እኔ በረት መሐል እንደ ምሰሶ ቆሜ ደረሰች። የወተት ዕቃዋን ጣለች። እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰበሰበች።

«ያዝ እንጂ! ምን ይገትርሃል?» አለችኝ።

ጥጃው ዱብ ሲል ሁለታችንም ጭቃው ላይ ተቀምጠን፣ ደም በደም ሆነን፣ ሳቅን። ከባለቤቴ ወዲህ «አንተ» ብሎ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። እዚያው ጭቃ ላይ ወደድኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲያ ከገበያ በፊት ጎራ እያለች ቁርስ አብረን መብላት ጀመርን። ዓመት አለፈ። «ለልጅህ መቼ ነው የምትነግራት?» ትለኛለች። «ሰሞኑን» እላለሁ።

ያን ቅዳሜ ይዘንባል። አመለወርቅ ነጠላዋ ርሶባት፣ ጋቢዬን ደርባ ምስር ትለቅማለች። በሩ ተንኳኳ። ሰናይት ናት፤ ሳትደውል፣ ከነባሏ። ጋቢውን አየች፤ ቀጥሎ እኔን አየች።

«አባዬ፣ እኚህ እናት ማናቸው?»

«ላም አላቢ ናት» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ውሸት ደግሞ ብቻዋን አትቆምም፤ ምርኩዝ ትፈልጋለች። «በወር ነው የቀጠርኳት» ብዬ ጨመርኩበት።

አመለወርቅ ከምስሩ ተነሣች። ጋቢውን አውልቃ፣ በወግ አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ባልዲውን አንሥታ ወደ ዝናቡ ወጣች። ሦስቱንም ላሞች አለበች። ወተቱ ባልዲውን ሲመታ እየሰማሁ፣ የልጄ ባል ሲመጡ ደንገጎ ዳገት ላይ ስለገጠማቸው ጭጋግ ያወራኛል። ልጄ ወንበሩ ላይ የታጠፈውን ጋቢ ታያለች። አመለወርቅ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ገብታ ባልዲውን እግሬ ሥር አስቀመጠች።

«ጨርሻለሁ፣ ጌታዬ። ሌላ የሚያዙኝ ይኖራል?»

«የለም» አልኩ። አስቡት! «የለም» አልኩ።

አሥራ አንድ ቀን አልመጣችም። በአሥራ ሁለተኛው ከራቫቴን አስሬ ጊደር መጋላ ወረድኩ። በበርበሬው ብናኝ እያስነጠስኩ፣ በቅመም ነጋዴዎቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት።

«የምን ይቅርታ? የተቀጠርኩበትን ሠርቻለሁ» አለች፣ አብሹን እየሰፈረች። ከዚያ ቀና አለች። «የበደሉኝ በልጅዎ ፊት ነው። እዚህ ቢንበረከኩ ለእኔ ምን ይረባኛል?»

ስልኬን አወጣሁ። የልጄን ቁጥር ፈልጌ ሳገኝ መነጽሬን መጥረግ ጀመርኩ።

«ደውል እንጂ አቦ! ኢንሻ አላህ ታነሳለች» አሉ ጎኗ የተቀመጡት ሐረሪዋ ነጋዴ።

ጆሮዬ ስለደከመ ስልክ የማወራው ሁልጊዜ ድምፁን ወደ ውጭ ለቅቄ ነው። «ሰናይት፣ ያቺ ሴት... ላም አላቢ አይደለችም» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጎረቤቶችህ ከነገሩኝ ቆየ። አንተ እስክትነግረኝ ብጠብቅ ብጠብቅ እምቢ ስትል፣ ያን ቀን እሳቸውን ልተዋወቅ ነበር የመጣሁት። ቀሚስ ገዝቼላቸው፣ መኪናው ውስጥ እንዳለ ይዤው ተመለስኩ። አባዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በአንተ አፍሬ አላውቅም።»

ገበያው ሁሉ ሰማ። አመለወርቅም ሰማች። የጀመረችውን አብሽ ሰፍራ ጨረሰችና፣ «እስቲ ላስብበት» አለችኝ።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷን እያሰበች ነው። ሰናይት በየቀኑ ትደውላለች አሉ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ። ቀሚሱም ደርሷል፤ ልክክ ብሏታል አሉ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ለመጠየቅ ግን አፍ የለኝም።