የጆሮ መርፌና የእኔ ደብተር

እኔ «እንዴት ነህ?» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። አትቀየሙኝ፣ ጥያቄው አይደለም የሚያናድደኝ፣ መልሱ ነው። ማን ነው እውነቱን የሚናገር? እኛ ቡታጅራ እግሩ የተሰበረም ደህና ነው፣ በሬው የሞተበትም ደህና ነው። አጎቴ ሳህሌ አንድ ቀን እኛ ቤት መጣ። አባቴ እንሰቱን ጠየቀው፣ ደህና። ከብቱን ጠየቀው፣ ደህና። ልጆቹም፣ ጎረቤቱም፣ ሁሉም ደህና። ተቀምጦ ውሃ ከጠጣ በኋላ አባቴ «እህ፣ ሌላስ?» ሲለው ነው «ቤቱ እንኳ ትናንት ተቃጥሏል» ያለው። እኔ ሳቄ አመለጠኝና በኩርኩም ተቀጣሁ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያን ጥፋት ያጠፋሁት።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው በረብሻ በየጊዜው ይዘጋል፣ እኛም ሻንጣችንን ይዘን በአውቶቡስ ወደ አገራችን እንመለሳለን። ቡታጅራ ሥራ ፈት ምሁር ሞላባት። የሚያወራው ጥቂት፣ የሚተክዘው ብዙ። በዚያ ሰሞን ዶክተር ጌታነህ የሚባል፣ ፈረንሳይ ተምሮ የመጣ ሐኪም፣ ጆሮ ላይ ትንንሽ መርፌ ሲሰካ ድብርት ይለቅ እንደሆነ ልሞክር ብሎ ተነሳ። የሚፈልገው የተማሪ ድብርት ነው። ከኛ የተሻለ ከየት ያገኛል?

ግማሹ ተማሪ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይወጋል፣ ግማሹ ለማነጻጸር ሆን ተብሎ በማይረባው ቦታ። ማን የት እንደተወጋ የሚያውቀው ዶክተሩ ብቻ ነው። እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ደብተር ያዥ ሆንኩ። በየቅዳሜው፣ ከመወጋታቸው በፊት፣ ስሜታቸውን እየጠየቅሁ እጽፋለሁ። ነጭ ጋውን ሲሰጠኝማ ልቤ አበጠ። እናቴ ሳትቀር «ዶክተር» ትለኝ ጀመር።

«ሳምንቱን እንዴት ሰነበትክ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና።»

ደህና ብዬ ጻፍኩ። ቀጣይ!

በአቅራቢያችን ካለችው እንሴኖ የሚመጣ ከድር የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። በሂሳብ የሚደርስበት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ከተዘጋ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለው፣ ምግብ የለው። እየጎተተ ወደ ዶክተሩ ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድሙ ወደ ጥግ ወስዶኝ፣ ይህ ልጅ አሁን ካልተሻለው ተመልሶ እንደማይማር ነገረኝ፤ አደራም አለኝ።

በየቅዳሜው እጠይቀዋለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ይለኛል። ደህና ብዬ እጽፋለሁ። እሱ ግን አይነሳም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል። እኔ ደግሞ ከኋላው ሰልፍ አለብኝ፣ ጋውን ለብሻለሁ፤ «ከድር፣ ተነስ እንጂ፣ ሰው ይጠብቃል» እለዋለሁ። ይነሳል። እንዲህ እያልን ስድስት ቅዳሜ ሄደ።

በመጨረሻ ዶክተሩ ደብተሩን ከፈተ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ፣ መርፌ ሳይነካቸው በፊት፣ ሁሉም ደህና! አንድ በሽተኛ የለም! «ታዲያ እኔ ስድስት ሳምንት የማንን ጆሮ ነው የበሳሁት?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም «ያሉኝን ነው የጻፍኩት» ብዬ ተከራከርኩ። ደግሞ እኮ እውነቴን ነው። መርፌው ያድን አያድን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ከድር አልመጣም። አልጋውን ለሌላ ልጅ ሰጡት። ያኔ ነው የገባኝ። ከድር እኮ ሰላምታው እስኪያልቅ ነበር የሚጠብቀው። አንድ ጊዜ ደግሜ ብጠይቀው ምን እሆን ነበር? ያንገበግበኛል። ይኸው ሸምግዬም ያንገበግበኛል።

ለእረፍት ስመለስ እንሴኖ ሄድኩ። ከወንድሙ ሱቅ ጨው ሲመዝን አገኘሁት። ከስቷል። መንገዱን ሁሉ ይቅርታ የምለምንበትን ቃል ሳጠና ነው የመጣሁት። በርጩማ አቀረበልኝና እንዴት እንደሆንኩ ቀድሞ ጠየቀኝ። በዚያ ወራት እኔም ፈተና ወድቄ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ለማንም ያልነገርኩት ጭንቀት ይዞኛል።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና» አልኩት።

ከድር ሚዛኑን ተወው። የቆመውን ደንበኛ «ትንሽ ታገሰኝ» ብሎት ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ፊትህ ጠቁሯል» አለኝ። «ንገረኝ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል» ብዬ ተነሳሁ።

መኪናው የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ጊዜው ገና ጠዋት ነበር።