ጋሽ ታረቀኝና የእኔ መጋዝ

ዕቃዎ ገና ሳይበላሽ ለምን እንደሚበላሽ የሚነግርዎ ሰው የሌለበት ሰፈር በአገሪቱ አይገኝም። ለእኛ፣ አሶሳ ዳር ለምንኖረው፣ የደረሱን ጋሽ ታረቀኝ ናቸው። በሰፈራው ዘመን በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የጄኔሬተርና የሞተር መጋዝ ጠጋኝ። እኔ በሆዴ «የቤንዚን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» እላቸዋለሁ፤ ተከሳሹ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ኢታኖል።

«ከስኳር ፋብሪካ የወጣ አልኮል ቀላቅለውበታል» ይላሉ። «መኪና ይችለዋል። ትንሽ ሞተር አይችለውም። አልኮል ውሃ ይስባል፣ ላስቲክ ይበላል። ሥራህን ስትጨርስ ቤንዚኑን ገልብጠህ አውጣ፤ የቀረውን ሞተሩ ራሱ ጨርሶት ይጥፋ። ከዚያ አስቀምጠው።»

ይህን ያልሰማ የለም። ጎመኗን በፓምፕ የምታጠጣው ዓዲላ «ጋሽ ታረቀኝ፣ ሞተር እምቢ አለ» ብላ ስትመጣ፣ ፓምፑን ሳያዩ ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድተው፣ ውሃ ጨምረው፣ በጥብጠው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ከታች የተኛው ውሃ ከጨመሩት በልጦ ሲታይ «አየሽ? አልኮሉ ከውሃው ጋር ወረደ!» ይላሉ።

«ወላሂ ጋሽ ታረቀኝ፣ አየሁ» ትላለች ዓዲላ፤ «ግን ጎመን ደረቀ እኮ!»

ባጃጅ ነጂው ፈየራ ጎማ ተንፍሶበት ሲገፋ ያገኙት ጊዜ እንኳ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቤንዚን የት ነው የቀዳኸው?» ነበር። ባለቤታቸው እትዬ በለጡ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። «እኔ ራሴን ሲያመኝም ቤንዚን ነው የሚጠረጥረው!»

እኔም እስቅ ነበር። ባሕር ዛፍ የምቆርጥበት የሞተር መጋዝ አለኝ። ኅዳር ላይ ሥራዬን ስጨርስ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አዩኝ።

«ቤንዚኑን አወጣኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

ዋሸሁ። ቤንዚን በስንት ወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ነበርና ለመድፋት ሳሳሁ። መጋዙን ከነቤንዚኑ ጓዳ ከተትኩት።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናብ የቀላቀለ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። ከጋሽ ታረቀኝ ቤት ጀርባ የነበረው ትልቅ ማንጎ ከሥሩ ተነቅሎ ማድ ቤታቸው ላይ ወደቀ። እትዬ በለጡ ውስጥ ነበሩ።

ስንደርስ ድምፃቸው ይሰማል። «አለሁ፣ አለሁ» ይላሉ። ጋሽ ታረቀኝ ግንዱን በእጃቸው እየገፉ ነበር። ሲያዩኝ በስሜ ጠርተው «እንዳለ፣ መጋዝህን!» ብለው ጮኹ።

ሮጬ አመጣሁት። ገመዱን ሳብኩ። አሁንም ሳብኩ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ጋሽ ታረቀኝ ከእጄ ነጥቀው የታንኩን ክዳን ከፈቱና አሸተቱ። ቀና ብለው አዩኝ። የቆየውን ደፍተው አዲስ ሞሉ፣ ካንዴላውን ፈተው ጠረጉ፣ ሳቡ። አልተነሣም። መሬት ላይ ጣሉትና ወደ ሚስታቸው ተመለሱ።

ፈየራና ጎረቤቶቹ በመጥረቢያ ተያያዙት። እኔም በተራዬ ተቀበልኩ። እርጥብ ግንድ መጥረቢያ ይውጣል እንጂ አይቆረጥም። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ያን ሁሉ ጊዜ ጋሽ ታረቀኝ ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ በተገኘችው ክፍተት ክንዳቸውን ሰደው የሚስታቸውን እጅ ይዘው ነበር። እትዬ በለጡን ስናወጣቸው ይተነፍሱ ነበር። በፈየራ ባጃጅ ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ተቀመጥኩ፤ የጋሽ ታረቀኝን ፊት ማየት ግን አልቻልኩም። አንድ ለቀስተኛ «ያ መጋዝ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«አርጅቶ ነው» አሉት።

አርባው ካለፈ በኋላ ቤቴ መጡ። ግቢያቸው ጥዬው የሸሸሁትን መጋዝ ተሸክመዋል። የተበላውን የካርቡራተር ላስቲክ ቀይረው፣ ሰንሰለቱን ስለው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ቤንዚኑን አላወጣሁትም ነበር። ዋሽቼዎታለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን ቢነሣ ኖሮ...»

«ቢነሣም አንደርስላትም ነበር» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «ጉዳቷ ከባድ ነበር። ቤንዚኑ አይደለም፣ እንዳለ።»

ያንን ግንድ አይቼዋለሁ። በመጋዝ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

መጋዙን ካስረከቡኝም በኋላ አልሄዱም። በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ።

«ቤቱ ጭር ብሏል» አሉ። «ትንሽ እዚህ ልቀመጥ?»

ወንበር አወጣሁላቸው። ስለ ጄኔሬተር ዘይት ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ በኋላ እጃቸውን እያወናጨፉ አስረዱኝ። ጄኔሬተር የለኝም። ሲጨርሱ አልገባኝም ብዬ እንደገና አስጀመርኳቸው።