ለለቅሶ የተቀመጠ ዓይን

ኮልፌ ውስጥ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ዓይናችሁ ደርቆ ከወጣችሁ፣ ሰፈር ብትቀይሩ ይሻላችኋል። ሟቹን አታውቁትም? ምን ቸገረ፣ የራሳችሁን ሟች እያሰባችሁ አልቅሱ። ድንኳኑ ሳይፈርስ ማን ከልቡ እንዳነባ፣ ማን ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ እንዳታለለ ተጣርቶ ያልቃል። ያላለቀሰ አይለቀስለትማ! እኔ ዓይናፋር ስለሆንኩ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። ዝም ካለች ልጅ ፊት ሰው ወሬ አይደብቅም።

ያሳደገችኝ አክስቴ እታፈራሁ ናት። ዓይኗ ከዳር ከዳር እየጨለመ መቃኑን መጋጨት ስትጀምር፣ ከጦር ኃይሎች አውቶቡስ ይዘን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ግላኮማ ነው ተባለ። ዓይኗ ውስጥ የሚመነጨው ውሃ መውጫ አጥቶ ነርቩን እየተጫነው ነው፤ የታዘዘላት የዓይን ጠብታም አልበገረውም። ስለዚህ ውሃውን የሚያመነጨውን ክፍል በብርድ አቀዝቅዘው ሊያደክሙት ነው።

«የጠፋውን አልመልስልዎትም እናቴ» አላት ሐኪሙ። «የቀረውን ግን እናተርፍ ይሆናል።»

«እንባዬስ?»

«እንባ ምንጩ ሌላ ነው። አንነካውም።»

ከዚህ በላይ ምን ይበል? ቤት ስንደርስ ግን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጠበቁን። የእድሩ ሴቶች ሁሉ የሚፈሯቸው ሴትዮ ናቸው።

«ምንጩን አድርቆ ወንዙን አልነካም ይላል? እናቱ ሞታበት አታውቅም መሰለኝ! ነገ ሰው ቤት ምን ይዘሽ ልትገቢ ነው?»

«ሐኪሙ እኮ...» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣሽው!»

አክስቴ ቀጠሮውን ተወችው። ክረምቱ ሲወጣ ብርሃኗም አብሮ ወጣ። እየመራሁ በየለቅሶው አደረስኳት፤ እንደ እሷ ያነባ አልነበረም። ሴቶቹ አመሰገኗት። በምስጋና መንገድ ቢታይ ኖሮ እኔ ባላስፈለግኳት።

ከዚያ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አንድያ ልጇን ግርማን ከቤት ወሰዱት። በማግስቱ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ። የአብዮት ጠላት ነውና አይለቀስለትም ተባለ። ድንኳን የለ፣ እድር የለ። ስንት ያለቀሰችለት ሰፈር በሩን ዘጋ። በጓሮ ሹልክ ብለው የመጡት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው፤ ይህን አልክድባቸውም።

አክስቴ ድምፅ ሳታሰማ እንባዋ ይወርዳል። እትዬ አስካለ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አሉ።

«ጥረጊው፣ እታፈራሁ። ጠባቂው ደጅ ቆሟል፤ ያይሻል።»

አክስቴ ነጠላዋን ፈልጋ አጣችው።

«የት ጋ ነው የቆመው?» አለች። «ፊቴን ወዴት ላዙር?»